የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች አልቃሽ

ከሶዶ እስከ ኮንሶ ባለው መንገድ እንደኔ ሰው የሚያስቅ ካለ ይምጣና እንፋጠጥ። ሠርግ ላይ መድረክ ስመራ ሙሽራው ራሱ ሙሽሪትን ትቶ እኔን ነው የሚያየው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ የቀረውን መንገድና ሬዲዮ አስተምረውኛል። መተዳደሪያዬ ኪራይ ነው። አርባ ምንጭ ሲቀላ፣ ገበያው አጠገብ፣ ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበርና ሞንታርቦ አከራያለሁ። ያው ድንኳን፣ ያው የድምፅ ማጉያ፤ ቅዳሜ ሠርግ ውሎ እሁድ ለቅሶ ይሄዳል። ስለዚህ አርባ ምንጭ ውስጥ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚደወለው ለኔ ነው። አንዳንዴ እንደውም ይቀድማሉ። አንዱ ደውሎ "አባታችን እያጣጣሩ ነው፣ ድንኳን አለ?" ቢለኝ "አለ፣ እሳቸው ግን ይፈልጉት እንደሆነ ጠይቃችኋል?" ብዬዋለሁ።

ይሄን የማወራው ለጉራ ብቻ አይደለም። ለጉራም ነው። ግን ያን ነገር እንዴት ከልጅቷ ቀድሜ እንደሰማሁ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ሱቄ ድረስ መጡ። ዘንድሮ እንደምታውቁት ማትሪክ የሚፈተኑት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው፤ እዚያው ያድራሉ፣ ስልክ አይገባም፣ ሰው አይጠይቃቸውም። ከመግባታቸው በፊት በትምህርት ቤታቸው አዳራሽ የመሰናበቻ ቲያትር ሊያሳዩ ነው። ኮሜዲ።

"ጋሼ፣ ሞንታርቦ በነፃ ስጠን" አሉኝ።

"ሞንታርቦ በነፃ ከሰጠሁ ሚስቴ እኔንም በነፃ ትሰጠኛለች። የጻፋችሁትን አሳዩኝ።"

አሳዩኝ። ያስቃል! የኔን ያህል አይደለም፣ ግን ያስቃል። ታሪኩ ከድንኳን ድንኳን እየዞረች የማታውቀውን ሰው ስለምታለቅስ አንዲት አሮጊት ነው። ሆዷን ለመሙላት ነው የምታለቅሰው። ንፍሮው እስኪመጣ ትጮሃለች፣ ሲመጣ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ሟቹ ወንድ መስሏት "ወይኔ ጢምህ፣ ወይኔ ጎፈሬህ" እያለች ስታወርድ፣ የሞቱት መነኩሲት ሆነው ይገኛሉ። በቃ እዚያ ላይ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

አሮጊቷን የምትሠራው ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። የኦቾሎ ልጅ ናት፣ ከላይ ከተራራው። እናቷ እዚያ ላይ ጥጥ ትፈትላለች፣ አባቷና ወንድሞቿ አዲስ አበባ ሸማ ይሠራሉ፤ ለመስቀል ካልሆነ አይመጡም። እሷ ለትምህርት ስትል አጎቷ ጋ፣ የእናቷ ወንድም ቤት፣ ነው የምትኖረው። አጎትየው የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሸሚዙ እንኳ ሲስቅ አይታይም።

ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ስታለቅስ ድመት ጅራቷን የተረገጠች ነበር የምትመስለው። "ነይ" አልኳት፤ "ለቅሶ ከጉሮሮ አይጀምርም፣ ከጉልበት ነው። መጀመሪያ ጉልበትሽ ይከዳሻል። ከዚያ እጅሽ ራስሽ ላይ ይወጣል። ከዚያ ድምፁን ከታች አንስተሽ ትወጪና ጫፉ ላይ ትሰብሪዋለሽ። ስትሰብሪው በአንድ ዓይንሽ ንፍሮውን እዪ።" የስንቱን ለቅሶ ድንኳን ተክዬ ዳር ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ቢቀጥረኝ በዚህ ፕሮፌሰር ነኝ።

በሳምንቱ እኔን በለጠችኝ። ስለሌላ ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም። ልምምድ ላይ ያን ድምፅ ስታወጣው ዘበኛው በሩን ትቶ ገብቶ ይስቅ ነበር። ሬሳ ሆኖ የሚተኛው ልጅ ሆዱ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረን፣ ፊቱን በነጠላ ሸፈንነው።

"እናቴ ቅዳሜ ልታየኝ ትወርዳለች" አለችኝ አንድ ቀን። "ጋሼ፣ እናቴ ጥርሷን ከፍታ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። እፍ ብላ ነው የምትስቀው፣ በአፍንጫዋ። ጥርሷን ማየት እፈልጋለሁ። ወንበር ከፊት ያዝልኝ።"

"ጥርሷን ብቻ? ድዷንም ታያለሽ" አልኳት።

ዓርብ ጧት ስልኬ ጮኸ። አጎትየው ነው።

"ድንኳን ነው?" አልኩ እንደ ልማዴ፤ የሱን ቁጥር ሳይ ሌላ ምን እላለሁ?

"ነው" አለኝ። "ግን እንዳትተክል።"

የማዘዣ ደብተሬን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት።

"እህቴ ሌሊት አረፈች" አለኝ። "ሆዴን አለች፣ አልነጋላትም። ባሏና ልጆቿ ከአዲስ አበባ እስኪደርሱ ቀብሩ ለእሁድ ሆኗል። ልጅቷ ግን አትሰማም። ሰኞ ፈተና ትገባለች። ጨርሳ ስትወጣ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ መርዶዋን እናረዳታለን። እስከዚያ በኔ ግቢ ድንኳን የለም፣ ለቅሶ የለም። ለጎረቤቱም ተናግሬያለሁ።"

መቼም መርዶ እንዲህ ነው አገሩ ሁሉ። ሰው እናቱ ሞተች ተብሎ በስልክ አይነገረውም፣ መንገድ ላይም አይነገረውም። ሊነጋጋ ሲል፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው። ፈተና ካለበት ልጅ ደሞ ጨርሶ ይሸሸጋል። ስንቱ ልጅ እናቱ ተቀብራ ሳር በቅሎባት ነው የሰማው። በኔ ድንኳን ሥር አይቻለሁ እነዚህን። እንደሌላው አይደለም የሚያለቅሱት፤ ሰውን ሁሉ በየተራ "አንተም ታውቅ ነበር? አንቺም?" እያሉ ነው።

"ቲያትሩስ?" አልኩት።

"ይታይ። ከቀረ ትጠረጥራለች።"

"ጌታዬ፣ ልጅቷ እኮ የምትሠራው አልቃሽ ሆና ነው።"

"አንተ ቀልደኛ ነህ" አለኝ። "ዘዴ አታጣም።" ስልኩን ዘጋው።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ከቆርቆሮው ሙቀት የተነሳ ዳቦ ይጋግራል። ልጅቷ ፀጉሯ ላይ ሽበት እንዲሆን ዱቄት ነስንሳ፣ የአሮጊት ቀሚስ ለብሳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች።

"ጋሼ፣ እናቴ መጣች?"

"መንገድ ላይ ናት" አልኩ። "የኦቾሎ ሰው መኪና አምልጦት ነው የሚውለው።"

"ወንበሯን ሰው እንዳይቀመጥበት።"

"እኔ እያለሁ? ንጉሥ ቢመጣ አላስቀምጥም።" ከዚያ የመጣሁበትን ጉዳይ አነሳሁ። "ስሚኝማ፣ ሰዓት አጥሮናል። ያቺን የለቅሶ ክፍል ብንዘላትስ?"

ሳቀችብኝ። "ለቅሶው ወጥቶ ምን ሊቀር ነው? እናቴ እኮ እሱን ልታይ ነው የምትመጣው።"

መጋረጃውን ገልጬ ወደ ሞንታርቦዬ ተመለስኩ።

የሰፈሩ ሴቶች ከፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሁሉም ያውቃሉ። አጎትየው ነው የላካቸው፤ "ሂዱ፣ እንዳይከፋት ሳቁላት" ብሏቸው። አቤት እንዴት ሳቁ! አንዱ ልጅ ወንበር ይዞ ብቅ ሲል ሳቁ። መጋረጃው አልከፈት ሲል ሳቁ። የማያስቀው ላይ ሁሉ ይስቃሉ፣ የሚያስቀው ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ምንም አያውቁም፤ እነሱ ከልባቸው እየሳቁ ነው። አጎትየው በሩ ጋ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እኔ ከመድረኩ ዳር ሞንታርቦው አጠገብ ነኝ፣ ላቤ ወደ ጫማዬ ይወርዳል።

የለቅሶው ክፍል መጣ። ሬሳው ተኝቷል። አሮጊቷ በምርኩዝ ገባች። ንፍሮው ወዳለበት ገልመጥ አለች፣ ተማሪው በሳቅ ተንጫጫ። ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። እጇ ራሷ ላይ ወጣ። ድምፁን ከታች አነሳችው።

እንግዲህ እዚህ አገር ለቅሶ ቤት ደንብ አለው። ተራ አልቃሽ ስታለቅስ ሰው ተቀምጦ ነው የሚያዳምጠው። ባለሐዘኗ ስትገባ ግን፣ ልጅ ወይ ሚስት ወይ እህት ድምፅ አውጥታ ስትገባ፣ ተቀምጦ የሚቀር የለም። ይቆምላታል። ይሄን ማንም አያስተምርህም፣ ጉልበትህ ራሱ ያውቀዋል።

የሴቶቹ ጉልበት አወቀው። ልጅቷ ድምፁን ጫፉ ላይ ስትሰብረው፣ የፊት መደዳ በሙሉ፣ እንደ አንድ ሰው፣ ከወንበሩ ተነሳ።

ተነስተው ነው የነቁት። አንዷ ጎረቤቷን በክርኗ ጎሸመቻት፣ አንዷ ልትቀመጥ ብላ ወንበሩን ሳተችው። ከኋላ ተማሪው ይጮሃል፦

"እማማ፣ ቁጭ በሉ እንጂ! አልታየንም!"

"ንፍሮ ገና አልታደለም፣ አትሰለፉ!"

ሳቅ። አዳራሹ ተናጋ። ልጅቷ ግን እጇ ራሷ ላይ እንዳለ ቀረች። ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ባዶውን ወንበር አየችው።

"ለማን ነው የቆማችሁት?" አለች።

ተማሪው የቲያትሩ መስሎት በሳቅ ፈረሰ። አንዱ አጨበጨበ። ከሴቶቹ አንዷም ቀና አላለችም።

"ለማን ነው?" አለች እንደገና፣ አሁን በራሷ ድምፅ፤ ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ጋሼ፣ አባቴ ነው?"

እኔ ለማንኛውም ጥያቄ መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። አጎትየው በሩ ጋ ሆኖ በጣቱ "እንዳታደርገው" ይለኛል። እና እኔ እሷን ማረጋጋት መስሎኝ ራሴን ግራ ቀኝ ነቀነቅሁ። አባትሽ አይደለም ማለቴ ነው።

አባቷ ካልሆነ፣ ያ ባዶ ወንበር የማን ነው? ምርኩዙ ከእጇ ወደቀ። ተማሪው በዚህም ሳቀ። ሞንታርቦውን አጠፋሁት። ያኔ ነው ሳቁ ከኋላ ወደ ፊት ቀስ እያለ የሞተው።

ጓሮ ወሰድናት፣ ማንጎው ሥር። አጎትየው፣ ሚስቱ፣ እኔ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ዱቄቷ በላብ ርሶ ግንባሯ ላይ ሊጥ ሆኗል።

"መቼ ነው የምትቀበረው?"

"ተቀብራለች" አለ አጎትየው። "ትናንት አለቀ። አንቺ ሰኞ ፈተና አለብሽ። እናትሽም የምትፈልገው እሱን ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመት እንዝርት ያሽከረከረችው ለሱ ነው።"

ልጅቷ ወደኔ አየች። አንዴ ራሴን ነቅንቄ ነግሬያታለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ አልፈለገችም፣ ዝም ብላ አየችኝ።

"ነገ ነው" አልኩ።

"አንተ!" አለ አጎትየው። በሕይወቴ ብዙ ሰው በቁጣ አይቶኛል፣ አብዛኛው መጨረሻ ላይ ይስቃል። እሱ የሚስቅ አልነበረም። "ይቺን ልጅ ዛሬ ገደልካት። ኦቾሎ የለቅሶው ሜዳ ላይ ከወጣች ሰኞ ማን ያወርዳታል? ባዶ ወረቀት መልሳ ብትወጣ አንተ ታበላታለህ?"

"አጎቴ፣" አለች፣ "እናቴን ሳልቀብር ምን ላጠቁር ነው ፈተና የምገባው?"

የአጎትየው ሚስት ናት ነገሩን የጨረሰችው። "ተወው በቃ፣ ሰኞን እኔ አወርዳታለሁ" ብላ የልጅቷን እጅ ይዛ ደጅ የቆመችው ባጃጄ ውስጥ ገባች። እኔም ሞንታርቦውን ለልጆቹ ጥዬ አስነሳሁ።

ከአርባ ምንጭ እስከ ላንቴ መንገዱ ደልዳላ ነው፤ ሙዝ በግራ፣ ሙዝ በቀኝ። ከዚያ ወደ ላይ ስንታጠፍ ባጃጇ ማቃሰት ጀመረች። እኔ በሌላ ቀን "ባጃጄ ተራራ አታውቅም፣ የሐይቅ ልጅ ናት" የምላት ቀልድ ነበረችኝ። አልወጣችልኝም። አክስቷ፣ የአጎትየው ሚስት፣ በነጠላዋ ጫፍ ዱቄቱን ከልጅቷ ግንባር ትጠርግላታለች፣ አይለቅም፣ ደርቋል።

"ጋሼ" አለች ከኋላ።

"አቤት።"

"እኔ ጠርቼው ይሆን? ያን ሁሉ ቀን ሳለቅስ?"

"ስሚኝ፣" አልኳት፤ "የውሸት ለቅሶ ሞት የሚጠራ ቢሆን እኔ ድንኳን የማከራየው ሰውዬ እስከዛሬ ከተማውን ጨርሼ ሀብታም ሆኜ ነበር።"

አክስቷ በአፍንጫዋ እፍ ብላ ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም። ያቺ አሳሳቅ የማንን እንደምትመስል የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ልጅቷ ግን ወዲያው ገብቷት ፊቷን ወደ ዓባያ ሐይቅ አዙራ ነበር። ዳገቱ ሲጠና ወርደን ገፋን፣ የመጨረሻውን በእግር ወጣን። ቤቶቹ ከአለቱ ጫፍ ላይ መታየት ሲጀምሩ ለቅሶው ይሰማ ነበር።

እሁድ ቀብሩ ሆነ። አባትና ወንድሞች ሌሊቱን ተጉዘው ደርሰዋል። እንደ አገሩ ደንብ ወንዶቹ ጦርና ጋሻ ይዘው የለቅሶው ሜዳ ላይ ይሮጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ አቧራው ከጉልበት በላይ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ሞንታርቦ አያስፈልግም። አጎትየውም ከሰፈሩ ሰው ጋር በማለዳ መጥቷል፤ እኔን እንዳላየ አለፈኝ።

ልጅቷ ወደ መሐል ገባች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ጉልበቷ ከዳት። እጇ ራሷ ላይ ወጣ። ድምፁ ከታች ተነሳ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይም ተሰበረ።

የአሮጊቷ ድምፅ ነበር። ልክ እንደ አዳራሹ። የእውነት ነው ያለቀሰችው፣ ግን ለቅሶ የሚወጣበት ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ እኔ የጠረግኩላት መንገድ እሱ ብቻ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ይሄን ያወቅነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሰዉማ እንዲያውም "እሰይ፣ እናቷን አወቀቻት" እያለ ያለቅሳል። እሷ ግን ድምፁን ሰማችው። ዓይኗ ፈጠጠ። በሁለት እጇ አፏን ያዘች፣ እንደሚያስመልሰው ሰው። ከዚያ በኋላ እናቷ ጉድጓድ እስክትገባ፣ አፈር እስኪመለስ፣ አንዲት ድምፅ አላወጣችም።

ሰው ደሞ ሰው ነው። "ደረቅ ናት" አሉ ሴቶቹ ከኋላዬ። "ከተማ አድርቋታል።" "እናቷ ይቺን ብላ ፈተለች!" አባቷ ወደኔ መጣ። ማን እንደሆንኩ አያውቅም፣ ልጁን ያመጣሁለት መሆኔን ብቻ ነው የነገሩት።

"ወንድሜ፣ ልጄ ለምንድን ነው የማታለቅሰው?"

"ደክሟት ነው" አልኩት።

ሰኞ አክስቷ ቃሏን ጠብቃ አወረደቻት፤ ከጓደኞቿ ጋር ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተፈተነች፣ ወጣች። ውጤት ሲመጣ አላለፈችም። እንደሷ ያላለፈው ብዙ ነው፣ ያ ሬሳ የሆነው ልጅም አላለፈም፤ ግን ለሱ ምክንያት የፈለገለት የለም። ለሷ ተገኘላት። አጎትየው "ያ ቀልደኛ ነው የጣላት" ይላል፣ አሁን ቤተሰባቸው ድንኳን ከሌላ ሰው ነው የሚከራየው። ከኦቾሎ የመጡ ሽማግሌ ደሞ ነገሩ ጎሜ ነው ይላሉ፤ ያልሞተን ማልቀስ ነውር ነው፣ ነውር ደሞ ዕዳውን ያስከፍላል ማለታቸው ነው። እኔ በጎሜ አላምንም። ግን ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ፣ እንደ ድሮዬ፣ አለቃቀስ አስመስዬ አላውቅም፤ ብዙ ሰው ያችን ቀልድ ይጠይቀኛል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ድንኳን አጥቤ አስጥቼ ሳለ ልጅቷ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯ አጭር ነው። ቆማ ትንሽ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ሌላ አለቃቀስ ታውቃለህ?"

"ሌላ ማለት?"

"ያን እንዳይመስል። እስካሁን አላለቀስኳትም። አፌን ስከፍት እሱ ነው የሚመጣው።"

አውቃለሁ እኮ! የወላይታውን አውቃለሁ፣ የደጋውን፣ ከሰሜን የመጡት ሰዎች ደረት እየመቱ በግጥም የሚያወርዱትን፣ የጴንጤዎቹን የመዝሙር ለቅሶ፣ ሁሉንም። ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አፌን ከፈትኩ፣ አንዱን ላሳያት። የወጣው ነገር ሁሉ ቲያትር ነበር። ገና ሳልጀምር ለራሴ ተሰማኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

እንዳልተቀየመችኝ ልትነግረኝ ራሷን ነቀነቀች። ሰማዩ ዝናብ እያረገዘ ነበር። ጎንበስ ብላ የድንኳኑን ሸራ አንድ ጫፍ አነሳች፣ እኔ ሌላውን ያዝኩ። ወደ ኋላ እየሄድን ወጠርነው፣ አጠፍነው፣ ተቀራረብን፣ እንደገና አጠፍነው። ሸራ ለሁለት ሰው ከባድ ነው። ሳንነጋገር ጨረስነው።